መስከረም አንድን የማይጽፉት ጸሐፊ

እኔ የተወለድሁት ሐምሌ 7 ቀን 1954 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ዕለት ነው። ይህን አፌን ሞልቼ የምናገረው አያ ሰውአገኝ ስላወጡልኝ ነው። ያን ጊዜ ከገጠር መጥቶ ዳባት ላይ ለስምንተኛ ክፍል ፈተና የሚመዘገብ ልጅ ሁሉ የልደት ቀኑን ሲጠየቅ «መስከረም አንድ» ይል ነበር። አብረን ከተመዘገብነው ሠላሳ አንድ ተማሪዎች ሃያ ስድስቱ የመስከረም አንድ ልጆች ሆኑ። መዝጋቢው መምህር ብዕራቸውን አስቀምጠው፣ «እናቶቻችሁ ተቃጥረው ነው እንዴ የወለዷችሁ?» አሉ። የቀረነው አምስታችን የሸንበቂት ልጆች ነበርን፤ አምስታችንም የየራሳችን ቀን ነበረን። ተራዬ ደርሶ «ሐምሌ ሰባት» ስል የተሰማኝን ኩራት ዛሬም አልረሳውም።

ሸንበቂት ከዳባት በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል የሚያስኬድ ደጋ ነው። ገብስና ባቄላ ያበቅላል፣ በግ ያረባል፣ ጠዋት ጠዋት ጉም ይተኛበታል። አያ ሰውአገኝ የዚያ ቀበሌ ጸሐፊ ነበሩ። በ1968 ዓ.ም. ተመርጠው፣ አንድ እግሯ በሚነቃነቅ ጠረጴዛ ፊት ሠላሳ አንድ ዓመት ተቀምጠዋል። መታወቂያ የሚጽፉት በእጃቸው ነው። ፊደላቸው ቁም ጽሕፈት ስለሆነ ከሩቅ ይለያል፤ ዳባት ላይ ያሉ ሹሞች የሸንበቂትን መታወቂያ ሲያዩ «ይህስ የሰውአገኝ እጅ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር እንጂ ማኅተሙን አይመረምሩም።

እሳቸው ግን የሚኮሩት በፊደላቸው አልነበረም፤ በቀኑ ነው። የተወለደበትን የማያውቅ ሰው ሲመጣ መስከረም አንድ ብለው አይጽፉለትም። እናቱን ይዞ እንዲመጣ፣ እናቱ ከሌለች አክስቱን፣ አክስቱም ከሌለች በምጡ ቀን የነበረች ጎረቤት ፈልጎ እንዲመጣ ይመልሱታል። እኔንም መልሰውኛል። እናቴን ይዤ ስመጣ ከቢሮው ደጅ ካለችው የድንጋይ መደብ ላይ አስቀመጧት።

«በማን ቀን ወለድሽው?»

«በሥላሴ። ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ ቀርታ።»

«የወር ሥላሴ ነው የዓመቱ?»

«የዓመቱ ነው እንጂ፤ ሐምሌ።»

«ዕለቱስ?»

«ቅዳሜ። ሰንበት ነው ብሎ አባቱ እንጨት እንኳ አልፈልጥ ብሎኝ፣ በእርጥብ ኩበት ጭስ ነው የወለድሁት። አሁንም ሳስበው ዓይኔ ያለቅሳል።»

«ማን ነበር ዘመኑ?»

«ማርቆስ። በማቴዎስ ተዳርሁ፣ በማርቆስ ወለድሁ። እንደዛሬዎቹ አልዘገየሁም።»

አያ ሰውአገኝ የግራ እጃቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው የሌሎቹን ጣቶች አንጓ አንድ በአንድ እየነኩ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ ቆዩ። ከዚያ «ሃምሳ አራት» አሉ። «ሐምሌ ሰባት ቅዳሜ የዋለበት ማርቆስ እሱ ነው። ሌላ አይሆንም።»

«እኔስ መች ሌላ ነው አልሁህ?» አለች እናቴ።

ይህን ስሌት የተማሩት በልጅነታቸው ጎንደር ወርደው ከአንድ መሪጌታ እግር ሥር ነው። ባሕረ ሐሳብ ይባላል፤ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቁጥር ነው። የወሩ ቀን፣ ዕለቱና ወንጌላዊው ከታወቁ ሦስቱ አብረው የሚገጥሙት በሃያ ስምንት ዓመት አንዴ ብቻ ነው። እናቶች ዓመተ ምሕረቱን አያውቁም፤ ዕለቱን፣ ታቦቱንና ዘመኑን ግን አይስቱም። የቀረው የእሳቸው ጣት ሥራ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሦስት ወፍራም ደብተር ሞሉ፤ የሸንበቂት ሰው ቀን ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው።

የሰውን ሁሉ ቀን ያወጡት አያ ሰውአገኝ የራሳቸውን ግን አያውቁም ነበር። እናታቸው ውቢት «አንተ ድክ ድክ ስትል» ሞተች ተብሎ ተነግሯቸዋል። አባታቸው ለሥራ ወደ ቆላ ወርደው በዚያው ቀሩ። ያሳደገቻቸው የእናታቸው እህት ደብሪቱ ነበረች። መቼ እንደተወለዱ ሲጠይቋት «እኔ ምኑን አውቄ፤ አንበጣ የወረደ ዓመት ይመስለኛል» ከማለት አልፋ አታውቅም። ታቦት የለው፣ ዕለት የለው፣ ወንጌላዊ የለው፤ ባዶ አንበጣ በጣት አይቆጠርም። ጸሐፊ ሆነው ሲመረጡ የመጀመሪያውን መታወቂያ የጻፈላቸው ከወረዳ የመጣ ሰው ነው፤ እሱም ቸኩሎ መስከረም 1 ቀን 1942 ብሎ ሰጣቸው። ያን ወረቀት በኮታቸው ኪስ ይዘው ሠላሳ አንድ ዓመት የሌላውን ቀን ሲያጣሩ ኖሩ። «ወረቀት ነው፤ አንድ ቀን ይቀደዳል» ይሉኝ ነበር ሳነሣባቸው።

ባለፈው ዓመት፣ በ2017 ሚያዝያ፣ ለትንሣኤ ከጎንደር ወጥቼ ሸንበቂት ሳለሁ፣ የብሔራዊ መታወቂያው መዝጋቢዎች መጡ። ፋይዳ የሚሉት ነው፤ እኔ ጎንደር ላይ ቀደም ብዬ ወስጃለሁ። ሦስት ቀን ሠርተው ወደ ሌላ ቀበሌ ያልፋሉ ተባለ። ዋናዋ መዝጋቢ ዳግማዊት የምትባል፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ ማራኪ ግቢ ተምራ የወጣች ልጅ ናት። ከቀበሌው ቢሮ ደጅ ላፕቶፗን፣ ካሜራዋን፣ ጣት የሚያነበውን መስታወትና ዓይን የሚያነበውን እንደ መነጽር ያለ ዕቃ ደረደረች። ሰው ተሰበሰበ፤ የሚሰለፍ ግን ጠፋ። ሁሉም አያ ክንዱን ያያል። አያ ክንዱ የአያ ሰውአገኝ እኩያና የዕድሜ ልክ ተከራካሪያቸው ናቸው።

«ምነው?» አሉ አያ ክንዱ በትራቸውን ተደግፈው። «እኔን ማን አጥቶኝ ነው? ምልክት የሚደረግለት እንዳይጠፋ ለበግ ነው። እኔ የት እጠፋለሁ?»

«ሸንበቂት ላይ አትጠፋም» አሉ አያ ሰውአገኝ ከድንጋይ መደቧ ሳይነሡ። «ጎንደር ለዓይንህ የወረድህ ጊዜ ግን ጠፍተህ ነበር። ማን ነህ ሲሉህ ‹የአለቃ እንግዳው ልጅ ነኝ› ስትል ዋልህ። ጥበቃው አባትህን የሚያውቅ መስሎህ።»

«መታወቂያ ይዤ ነበር እኮ።»

«ከሱሪህ ጋር ያጠብኸውን? ፎቶህ እኮ የገብስ ቂጣ መስሏል።»

«እሱስ እኔን ነው የመሰለው» አሉ አያ ክንዱ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። እሳቸው ግን ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «የኔ ልጅ፣ ይሄ ቀልድ ነው። ጣቴንና ዓይኔን ወስዳችሁ ምን ታደርጉበታላችሁ?»

«በእርስዎ ስም ሌላ ሰው እንዳያልፍ ይጠብቃል አባባ።»

«ጠባቂውን ማን ይጠብቀዋል?»

ዳግማዊት ከላፕቶፗ ቀና አለች። «እሱን እኔም እጠይቃለሁ። የእኔም ዓይን እዚያው ነው ያለው።»

መልሱ አያ ክንዱን ደስ ሳያሰኛቸው አልቀረም፤ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዘዋወሩ። አያ ሰውአገኝ ያን ጊዜ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የተናገሩትን እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። «ክንዱ፣ የጠየቅኸው ሸጋ ጥያቄ ነው፤ አትተወው፤ ካርዱን ከያዝህም በኋላ ጠይቅ። ግን እኛን እስከ ዛሬ የሚያውቀን ይሄ ተራራ ብቻ ነው። ልጆቻችን በየከተማው ተበትነዋል። ካገራችን በአንዱ ጥግ ‹ማን ነህ?› ስንባል ምስክር ፍለጋ ስልክ ከምንደውል፣ ስማችንንና ቀናችንን ይዘን ብንቆም አይሻልም? ይያዝ ነው የምለው። እውነት እስከሆነ ድረስ ይያዝ።»

ሰው ተሰለፈ። አያ ክንዱም ጥቂት ቆይተው፣ ሳይቸኩሉ፣ ሰልፉ መሐል ገቡ።

አያ ሰውአገኝ ሦስቱን ደብተር አምጥተው ከዳግማዊት አጠገብ ተቀመጡ። ልጅቱ መጀመሪያ ላይ አላመነቻቸውም። እሳቸው «ጽጌሬዳ፣ የካቲት 18፣ 1967፣ ማክሰኞ» ሲሉ ስልኳን አውጥታ ታመሳክር ነበር። ማክሰኞ ሆነ። ቀጥሎ «እሑድ» አሉ፤ እሑድ ሆነ። ከሰባተኛው ሰው በኋላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «አባባ፣ በሄድሁበት ሁሉ መስከረም አንድ ሳስገባ ነው የከረምሁት» አለች። «እዚህ እስካሁን አንድም አላገኘሁም።» የሰልፉ ሰው ይህን ሲሰማ ትከሻው ሰፋ። እኔም የሸንበቂት ልጅ ነኝና የእኔም ትከሻ ሰፋ።

ሁለት ቀን እንዲህ አለፈ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሰልፉ ሲሳሳ እዚያ ከነበረው ሰው ሰልፍ ያልገቡት አያ ሰውአገኝ ብቻ መሆናቸውን ዳግማዊት አየች።

«እርስዎስ አባባ? ከሰዓት በኋላ እኮ እንሄዳለን። የድሮው መታወቂያዎ ላይ ያለውን ላስገባ?»

«እሱን ተይው።»

«ለምን?»

«ውሸት ነው። ወረቀቱ ላይ እያለ እኔና እሱ ተቻችለን ኖረናል። ይሄ የእናንተ ግን አይቀደድም፤ ከእኔ በኋላም ይቀመጣል። በገዛ ጣቴ አትሜ ውሸት አላስቀምጥም።»

አያ ክንዱ ተቆጡ። «ሁላችንን አሰልፈህ አንተ ልትቀር? ያን ሁሉ ንግግር አድርገህ?»

«እውነት እስከሆነ ድረስ ነው ያልሁት ክንዱ።»

እኔም ለመንኋቸው፤ ልጃቸው ጽጌሬዳም ለመነቻቸው። ካርዱን እንደሚፈልጉት ፊታቸው ይናገራል፤ ሁለት ቀን ሙሉ ከማሽኑ አጠገብ እንደ ሙሽራ ወላጅ ሲያስተናግዱ ነበር። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ለሌላው ያልጻፉትን ለራሳቸው አላስጽፍ አሉ።

በዚህ መሐል እትዬ የትነበርሽ መጡ። በሸንበቂት በዕድሜ የሚበልጣቸው የለም። ከሩቅ ጎጥ ስለሆኑና እግራቸው ስለማይችል ለመጨረሻው ቀን ቀርተው በበቅሎ ነው የመጡት። መታወቂያቸው ከቤት ቃጠሎ ጋር ከጠፋ ቆይቷል።

«ወረቀት ከሌለዎት የተመዘገበ ሰው ይመስክርልዎ» አለቻቸው ዳግማዊት።

«ያ የተቀመጠው ያውቀኛል። ቀኔን የጻፈልኝም እሱ ነው።»

«እሳቸው አልተመዘገቡም።»

እትዬ የትነበርሽ ዞረው አዩአቸው። «ምነው አንተ?»

«ቀኔን አላውቀው፣ እትዬ።»

«ለዚህ ብለህ ነው?»

«ለዚህ ነው።»

አሮጊቷ ነጠላቸውን ከትከሻቸው አውርደው መልሰው አጣፉት። ከዚያ ከሰልፉ ዳር የቆሙትን ቄስ ኃይለ ማርያምን ጠሩ።

«አባቴ፣ ግዝት አለብኝ። ይፍቱኝ።»

ቄስ ኃይለ ማርያም ደነገጡ። «የምን ግዝት?»

«ደብሪቱ ናት የገዘተችን። በቅዱስ ጊዮርጊስ ደጅ፣ ሴቶቹን በሙሉ። ሁሉም ሞተው እኔ ብቻ ቀረሁ። ይፍቱኝና ልናገር፤ ይዤው ብሞት ለማን ይጠቅማል?»

ቄሱ መስቀላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ «እግዚአብሔር ይፍታሽ» ብለው ግንባራቸውን ዳሰሷቸው። ማሽኑ እየሠራ ነበር፤ ዳግማዊት እጇን ከላዩ አነሣች።

እትዬ የትነበርሽ ወደ አያ ሰውአገኝ ሄደው ከድንጋይ መደቧ ላይ ከጎናቸው ተቀመጡ። «እናትህ ድክ ድክ ስትል አልሞተችም። አንተን በወለደች ዕለት ነው የሞተች። ክርስትናህና ተዝካሯ ባንድ ቀን ዋለ።»

ወንድ ልጅ ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነው፤ የሞተም ሰው ተዝካሩ በአርባ ቀኑ ነው። በአንድ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በአንድ ጠዋት፣ ለእናት ፍትሐት ለልጅ ጥምቀት መሆኑን እዚያ የቆመ ሁሉ ወዲያው ገባው።

«ሴቶቹ ለተዝካሩ ሲራወጡ አንተን እኔ ነኝ አዝዬ የዋልሁት። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርሁ። ደብሪቱ ሰዉ ሲበተን ሴቶቹን ሰብስባ፣ ‹ይህን ልጅ እናቱን በልቶ የተወለደ የሚለው ሰው እንዳይኖር፤ ቀኑን ያወጣች የተገዘተች ትሁን› አለች። እኔም እንደ ትልቅ ሰው ተገዘትሁ። የሰዉን ሁሉ ቀን ስትጠይቀኝ እነግርሃለሁ፤ የራስህን ስትጠይቀኝ ግን ‹እኔ ምኑን አውቄ› እላለሁ። ይቅር በለኝ፣ ልጄ።»

የአያ ሰውአገኝ ዓይን እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ያው የድሮው የጸሐፊው ድምፅ ነበር።

«በማን ቀን ነበር ተዝካሩ?»

«በጽዮን። ኅዳር። ጾሙ ገብቶ ስለነበር ድግሱ ሽሮና ባቄላ ነው።»

«ዕለቱስ?»

«ሐሙስ። ገበያው ቀርቶ ነው ሰው የመጣ።»

«ዘመኑ ማን ነበር?»

አሮጊቷ ግራ ተጋቡ። «እሱን እንጃ። ግን በዚያ ዓመት መጨረሻ እናቴ ጠበል ይዛኝ ወርዳ፣ ጳጉሜን ስድስት ሆናብኝ አንድ ቀን በብርድ ተጨመረብኝ። አልቅሼ ነበር።»

«ሉቃስ» አሉ አያ ሰውአገኝ፣ ቄስ ኃይለ ማርያምና አያ ክንዱ ባንድ አፍ፤ ጳጉሜን ስድስት የምትሆነው በሉቃስ ብቻ ነው።

እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸው አንጓዎቹን እየነካ ሲወርድ አየሁት፤ ሐምሌ ሰባትን ሲያወጣልኝ ያየሁት ያው እጅ ነው። «ኅዳር ሃያ አንድ ሐሙስ የዋለበት ሉቃስ... አሥራ አምስት፣ አርባ ሦስት፣ ሰባ አንድ። በአሥራ አምስት ከሆነ መቶ ሁለት ዓመቴ ነው። በሰባ አንድ ከሆነ ከልጄ ከጽጌሬዳ አንሳለሁ። አርባ ሦስት ነው።» ከዚያ ቀኑን ወደ ኋላ መለሱ። ከታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ ልደት እስከ የካቲት ስምንት ስምዖን፣ ጌታ ቤተ መቅደስ እስከገባበት ቀን፤ አርባ ቀን የሚቆጠረው እንዲያ ነው፣ የተወለዱበትን ቀን ጨምሮ። «ጥቅምት አሥራ ሁለት። እሑድ።»

ዳግማዊት ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች። አይታ «እሑድ ነው» አለች ቀስ ብላ።

«ጻፊው» አሏት።

በዚያ ቀን ጣታቸውን ሲያስነብቡ፣ ዓይናቸውን ሲያስነብቡ፣ ለፎቶ ኮታቸውን ሲቆልፉ ሰው ሁሉ ቆሞ አያቸው። ልክ እንደጨረሱ ለእትዬ የትነበርሽ መሰከሩ። አያ ክንዱ ከኋላ፣ «ይህን ያህል ዘመን አዝዬሃለሁ ብላ ሳትነግርህ አንተ ደግሞ አውቃታለሁ ትላለህ» ሲሉ አሮጊቷ በሳቅ ተንከተከቱ። መዝጋቢዎቹ ሲሄዱ ዳግማዊት የአያ ሰውአገኝን እጅ ስማ ነው የተለየችው።

እኔ ጎንደር ብመለስም ጥቅምት አሥራ ሁለትን አላሳለፍሁትም። አያ ሰውአገኝ በሰባ አምስተኛ ዓመታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ እናታቸውን በቀኗ ሊዘክሩ መሆኑን ሰምቼ ሸንበቂት ወጣሁ። ረቡዕ ስለነበር የጾም ዝክር ነው፤ ንፍሮና ዳቦ፣ ጠላም አለ። ከቅዳሴ በኋላ ሰው በጊዮርጊስ ደጅ ከወይራው ሥር ተቀመጠ።

«ግራ ገባኝ እኮ» አሉ አያ ክንዱ ዋንጫቸውን ይዘው። «እንኳን ተወለድህ ልበልህ ወይስ ነፍስ ይማር?»

«ነፍስ ይማርን አስቀድም። እሷ ትቀድመኛለች።»

አያ ክንዱ ሁለቱንም በየተራ አሉ፤ እኛም ተከትለን አልን።

ከዚያ አያ ሰውአገኝ ካርዱን ከኮታቸው የውስጥ ኪስ አወጡት። ታትሞ የደረሳቸው በዚያው ሳምንት ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ቄስ ኃይለ ማርያም ከዓይናቸው አርቀው ይዘው ቀኑን ጮክ ብለው አነበቡት፤ ሰው እንደ ወንጌል ዝም ብሎ አዳመጠ። እኔም ተቀብዬ አየሁት። ፊደሉ የማሽን ነው፤ የአያ ሰውአገኝን ቁም ጽሕፈት አያህልም። ቀኑ ግን የእሳቸው ነው።

መጨረሻ ላይ እትዬ የትነበርሽ እጅ ገባ። ማንበብ አይችሉም፤ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«ውቢትስ እዚህ ውስጥ አለች?»

«ስሟ የለም» አሉ አያ ሰውአገኝ። «ቀኗ ግን አለ።»

እትዬ የትነበርሽ ካርዱን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና መለሱላቸው። «በል አስቀምጠው፤ ጠላ እንዳይፈስበት» አሉ።